የባቲው ብር ሠሪ፣ የአያቴ ድሪ እና አንዲት ሊሬ

ባቲ የሄድኩት የአያቴ ድሪ ስለተበጠሰ ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ልጄ ጥር ላይ ልትዳር ነው። ለመልሱ ቀን ድሪውን ካላደረግኩ ብላ ሙጭጭ አለች። ከሣጥን ሳወጣው ክሩ በስብሷል። ሁለት እንክብል ተሰንጥቋል። የአንዱ ጠገራ ጆሮ ተነቅሏል። ጆሮ የምለው ሳንቲሙን ከክሩ ጋር የሚያያይዘውን ቀለበት ነው። አያቴ እንደዚያ ነበር የምትለው።

ድሪው እንዲህ ነው። መሐሉ ላይ ሁለት ማርትሬዛ አለ፤ ጠገራ የምንለው ትልቁ የኦስትሪያ ብር ነው። ግራና ቀኙ ክብ ክብ የብር እንክብል ነው፤ በየመካከሉ ቀይ ጨሌ ገብቶበታል። ጫፉ ላይ፣ ማጅራት ላይ የሚውል፣ አንዲት ትንሽ ሳንቲም አለች። አያቴ ስታዝለኝ እሷን እየጠባሁ ነበር አሉ የምተኛው። ምን ሳንቲም እንደሆነች ግን የነገረኝ ሰው የለም። "የጣሊያን ናት" ይሉኛል፤ በቃ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። 31 ዓመት ቆጥሬያለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሙኒን ከአሥር ሳንቲም እለያለሁ። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ስለ አንድ ብር ሠሪ ቤት ቢሆንም፣ ወደ ሳንቲም ወሬ ስሄድ አትፍረዱብኝ። አመል ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት እዚሁ ደሴ ነው። ቤቱን በስም አልጠራውም። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ መብራቱ ዓይን ያጠፋል። ልጁ ድሪውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ጠገራዎቹን አደነቀ። ትንሿን ሳንቲም በጥፍሩ ጫር አድርጎ "እማማ፣ ይቺ ኒኬል ናት። ትጣልና በአዲስ ልቀይርልዎት" አለኝ።

ኒኬል! ብር እጅ ላይ ቶሎ ይሞቃል። መዳፍህ ውስጥ ሲገባ ወዲያው የአንተን ሙቀት ይወስዳል። ይቺ ሳንቲም ሁልጊዜ እንደዚያ ናት። ልጁ ጋር አልተከራከርኩም። "ተባረክ" ብዬ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ናት ባቲ ሂጂ ያለችኝ። የእሷን አልቦ አድሶላታል። "ሰኞ ሂጂ ብቻ፣ በሌላ ቀን ላታገኚው ትችያለሽ" አለችኝ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው።

ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ጋቢ ደርቤ ነበር። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢውን አወለቅኩ። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቲ ስገባ ነጠላውም ከበደኝ። ገበያውን ያየ ያውቀዋል። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፣ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ኦሮሞው ከሁለቱም ጋር በየቋንቋቸው ይደራደራል። አቧራው፣ የግመሉ ጩኸት፣ የበርበሬው ሽታ አንድ ላይ ነው። ይሄን ለማየት ብቻ የሚመጣ ፈረንጅ አለ። እኔ ግን ጥላ ፍለጋ ነበር ዓይኔ።

የብር ሠሪው ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ማስታወቂያ የለውም። በሩ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ያረጀ አምባር ብቻ አለ፤ እሱ ነው ምልክቱ። ውስጡ ጠባብ ነው። ሁለት በርጩማ፣ የከሰል ምድጃ፣ ወናፍ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ በጥቀርሻ የጠቆረ ግድግዳ። ሰውዬው 70ን ያለፈ ይመስለኛል። ጋሼ እያልኩ ነው የጠራሁት። ወናፉን የሚነፋው የልጅ ልጁ ነው፣ አሥራ አምስት ቢሆነው ነው።

ድሪውን አልነጠቀኝም። ይሄ አስደሰተኝ። መጀመሪያ እጁን ታጠበ። ከዚያ ጭኑ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ "አስቀምጪው" አለኝ። አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። ተስቢሕ የሚቆጥር ነበር የሚመስለው።

"አብሽሪ ልጄ፣ ይሠራል" አለኝ።

ሁለት ሚዛን አለው። አንዱ ዲጂታል ነው፣ የልጅ ልጁ ያመጣለት። ሌላው ባለ ሁለት ሳህን የድሮ ሚዛን ነው። ለዚህኛው መመዘኛ ድንጋዩ ራሱ ጠገራ ነው። እኔ ወቄት የሚባለውን ቃል ስሰማ ኖሬ ከየት እንደመጣ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ወቄት ማለት የአንድ ጠገራ ክብደት ነው፤ 28 ግራም ገደማ። ሳንቲሙ ሚዛን ሆኖ፣ ሚዛኑ ደግሞ ሳንቲሙን ይመዝናል። የኔዎቹ ጠገራዎች ትንሽ ትንሽ ጎድለዋል። የሦስት ሴቶች አንገት ላይ ኖረዋልና አይፈረድባቸውም።

ወደ ትንሿ ሳንቲም ሲደርስ ድንጋይ ላይ ጣላት። ቀጭን ድምፅ ሰጠች፣ ቶሎም አልጠፋም።

"ይቺን ኒኬል ያለሽ ማነው?"

"ደሴ ነው ጋሼ።"

"ደሴ ብርድ ነው። ጆሯቸው ተደፍኖ ይሆናል።"

ዲጂታሉ ላይ ሲያደርጋት 4.8 አለ። አዲስ ሆና 5 ግራም ነበረች ማለት ነው። በሎሚ ጠረግ ጠረግ ሲያደርጋት ሪዛምና ዘውድ የጫነ ሰውዬ ብቅ አለ። ዙሪያውን የላቲን ፊደል ነው፤ ኡምቤርቶ ይላል፣ የጣሊያን ንጉሥ ነው። ሥሩ 1890። ገለበጣት። በጀርባዋ ሦስት ዓይነት ጽሑፍ አለ። አንዱ የጣሊያን፣ አንዱ ዐረብኛ፣ አንዱ የኛው ፊደል። ተፍቋል፤ የአንዳንዶቹ እግር ብቻ ነው የቀረው። እኔ ግን በ60 ዓመቴ ገና ማየቴ ነው። ስጠባው የነበረው ፊደል ኖሯል!

አንዲት ሊሬ ናት። የጣሊያን አገር ሊሬ ግን አይደለችም። ለኤርትራ ቅኝ ግዛት ብለው የሠሯት ናት። ጽሑፏ ላይ 2/10 ታለሮ ይላል። ታለሮ የሚሉት የኛን ጠገራ አስመስለው የሠሩትን ትልቁን ብር ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር ያላገላበጥኩት የለም። ልጄ "እማዬ፣ ሰርጉን ረሳሽው እንዴ" እስክትለኝ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብላ እ.ኤ.አ. በ1890 መጀመሪያ ስታውጅ የራሷን ገንዘብ መሥራት ፈለገች። ገበያው ግን የማርትሬዛ ነው። ማርትሬዛ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች ጀምሮ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እየያዘ ሲቀጠቀጥ የኖረ ብር ነው። ባቲም፣ ምጽዋም፣ ጎንደርም የሚያውቀው እሷን ነው፤ ያቺን ወፍራም ሴትዮ፣ ዕንቁዋን እየቆጠረ። ጣሊያኖች ሁለት ነገር ባንዴ ፈለጉ። በአንድ በኩል ገንዘቡ ከሊሬያቸው ጋር በአሥር በአሥር እንዲቆጠር። በሌላ በኩል ገበሬው ማርትሬዛ መስሎት እንዲቀበለው።

እዚህ ላይ የድሮው ሥራዬ ትዝ አለኝና እርሳስ አነሣሁ። ጣሊያን አገር ባለ 5 ሊሬው ብር 25 ግራም ነበር፣ ከመቶ 90ው ንጹሕ። 22 ግራም ተኩል ብር ማለት ነው። ታለሮውም 5 ሊሬ ነው ተባለ። ክብደቱ ግን 28 ግራም ከ125 ሚሊግራም ነው፣ ከመቶ 80ው ንጹሕ። አባዙት። 22 ግራም ተኩል! ያንኑ ብር ነው የሰጡት። የተረፈውን ሦስት ግራም በመዳብ አሳበጡት፣ ከጠገራ ጋር እኩል እንዲታይ። ሒሳቡ ቆንጆ ነው፣ ገንዘብ ከፋይ ያስቀናል። ማርትሬዛ ውስጥ ያለው ግን 23 ግራም ከ4 ገደማ ነው። አንድ ግራም ያህል ጎደለ።

ይህን ለጋሼ በሁለተኛው ሰኞ ስነግረው ሳቀ። "ግራሙን እኛ ምን እናውቃለን" አለኝ። "ሲቀልጥ ነው የምናውቀው።" አባቱ ከአምስት ትንንሽ ሊሬ አንድ ጠገራ የሚያክል አምባር አይወጣም ይል ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። ትንንሾቹ 83 ከግማሽ በመቶ ናቸው። አምስት ሊሬ ሲደመር 21 ግራም እንኳ አይሞላም። ከጠገራው 2 ግራም ተኩል ያንሳል። ወረቀት ላይ 10/10 ሲሆን፣ ምድጃ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ለብር ሠሪ ደግሞ ምድጃው ነው ባንኩ።

ትንንሾቹ ሦስት ዓይነት ነበሩ። ባለ 2 ሊሬው 4/10፣ የኔዋ 2/10፣ ባለ 50 ቸንቴሲሚዋ፣ ግማሽ ሊሬ ማለት ነው፣ 1/10 ታለሮ። ይሄን እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። እውነቴን ነው። ቅኝ ገዥ ይሥራው እንጂ ሥራው ጥሩ ነው። 10 ግራም፣ 5 ግራም፣ 2 ግራም ተኩል። መጠኑ በእጅ ይለያል፣ በጨለማም ይለያል። ገንዘብ ከፋይ ሆነህ የዝናብ ዕለት መብራት ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል። ሦስቱም ገበያ ያለው ሰው የሚያነበው ፊደል አላቸው። ሌላም ነገር አየሁ። ኡምቤርቶ አገሩ ላይ ባለው ሳንቲም ባዶ ራሱን ነው። ለኤርትራ ሲሆን ዘውድ ጫኑለት። ገበያው ንጉሥ የሚያውቀው በዘውድ ነው ብለው ይሆናል።

ደግሞ ዝርዝር በጣም ያስፈልግ ነበር። ጠገራ ትልቅ ገንዘብ ነው። በጠገራ ቁና በርበሬ ገዝተህ መልስ ከየት ይመጣል? ለዚያ ነበር አሞሌ ጨው የሚቆጠረው። ጥይት ሳይቀር መልስ ሆኖ ይሰጥ ነበር። አስቡት እስቲ፣ ሽንኩርት ገዝታችሁ መልሱን በጥይት ስትቀበሉ። ባቲ ላይ ዛሬም የአፋር ጨው ይሸጣል። እኔም ለሽሮ ብዬ ትንሽ ገዛሁ፣ በብር ኖት ግን።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቴ የዉጫሌ ሰው ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዉጫሌ። ስለ ሊሬዋ ስነግረው "ይሄም ከኛ አገር ነው የጀመረው" አለ። ስቄበት ነበር። ሳጣራ ግን ልክ ሆኖ አገኘሁት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዉጫሌ ላይ የተፈረመውን ውል ሁሉም ያውቃል፣ ለ17ኛው አንቀጽ ሲባል። መስከረም 1882 ላይ ግን ራስ መኮንን ጣሊያን አገር ሄደው ተጨማሪ ውል ተፈራርመው ነበር። እዚያ ውስጥ ስለ ገንዘብ አንቀጽ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸውን ገንዘብ በጣሊያን ማተሚያ ያሠራሉ፣ ጣሊያንም ለአፍሪካ ግዛቷ የምታወጣው ገንዘብ በኢትዮጵያ ይሠራል ይላል። ሊሬዋ አንገታችን ድረስ የመጣችው እንዲህ ታስቦ ኖሯል። ምኒልክ ውሉን ሲጥሉት ገንዘባቸውንም ፓሪስ ወስደው አሠሩ። ባለቤቴ ከዚያ ጀምሮ ቡና በጠጣን ቁጥር ይኸን ያነሣብኛል። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ምን አደርጋለሁ።

የምኒልክን ብርም ጋሼ ጋ አየሁት። የሳንቲም ሣጥን አለው፤ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ለሽያጭ አይደለም፣ ለማወዳደሪያ ነው። ስትጠይቁት በደስታ ያሳያችኋል፤ ቡና ከቀረበ ደግሞ አያቆምም። የምኒልክ ብር 28 ግራም ሆኖ ብሩ ከማርትሬዛ ጋር እኩል ነው፣ እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጣል። ሌባ አይደለም። ዝርዝሩ ደግሞ አሥር በአሥር አይደለም። አላድ ግማሹ ነው፣ ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ተሙን። ጋሼ አላዱን መዳፉ ላይ አድርጎ "ሰው በግማሽ በግማሽ ነው የሚያስበው" አለኝ። ዳቦ ስትቆርስም፣ ሥጋ ስትካፈልም ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ ነው። አሥር ቦታ የሚቆርስ የለም። ግርሹ ብቻ ነው ያስቸገረው፣ መጀመሪያ 20 ለአንድ ብር ነበር፣ በኋላ 16 ሆነ። 16 ሲሆን እንደገና በግማሽ በግማሽ ይሄዳል። አሁን ገባኝ ለምን እንደተቀየረ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

ከሣጥኑ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ያለችበት ጠገራ አወጣ። ማርትሬዛ መሰለችኝ። "ተመልከቺያት" አለኝ። ፀጉሯ ሌላ ነው። ጽሑፉ ሬግኑም ኢታሊኩም ይላል፣ 1918። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማርትሬዛ ከቪየና መምጣቱ ሲቋረጥ ጣሊያን ራሷ የሠራችው ነው። በዚህኛው ብሩን አላጎደሉም፣ ከመቶ 83 ተኩል፣ ክብደቱም እኩል። ሴትዮም አደረጉበት። ግን ገበያው አልተቀበለውም። ለምን ስለው ጋሼ "ሴትዮዋ ሌላ ናታ" አለኝ። በቃ። እንዲህ ያለውን ነገር ባንክ ቤት ውስጥም አይቻለሁ። አዲስ ኖት ሲወጣ ሰው ያገላብጣል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ "አሮጌው ይሻለኛል፣ የለም?" ይላል።

መጨረሻ ላይ ጣሊያን ተሸነፈች። ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የማርትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ራሱን ከቪየና ወስዳ ሮም ላይ መቀጥቀጥ ጀመረች። ጦርነቱን የመጣችበት በኡምቤርቶ አይደለም፣ በዚያችው በማትሞተው ሴትዮ ነው። ዘውድ የጫነው ሰውዬ ያለበት ብር እ.ኤ.አ. ከ1896 በኋላ አልወጣም። 1896 አድዋ ናት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሌላው በሣጥኑ ውስጥ ያለው የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። አንበሳና ተራራ አለበት። ይሄም በአሥር የሚቆጠር የቅኝ ገዥ ገንዘብ ነው፣ 100 ሳንቲም ለአንድ ሽልንግ። ጋሼ ይሄንን አይነካም። "ሰው ያመጣልኛል፣ እመልሳለሁ" አለኝ። ከመቶ 25ቱ ብቻ ነው ብር። እሳት ሲነካው ይቀላል አለኝ። ግን ስሙ ቀረ። ልጅ ሆነን 50 ሳንቲም ሽልንግ አልነበር የምንለው? ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሽልንጉ እዚህ ሲሠራበት ቆየ። በ1937 ዓ.ም. የኛ ብር ሲወጣ አንዱ ብር ሁለት ሽልንግ ነበር። ግማሹ ሽልንግ ሆነ። ሳንቲሙ አልተወደደም፣ ስሙ ግን አልሄድ አለ። ከኡምቤርቶ ይሻላል።

በዚያው ጊዜ ከወጡት የጃንሆይ ሳንቲሞችም ነበሩት፣ የ1936 ዓ.ም.። 50 ሳንቲሙ ብር ነው፣ ከመቶ 80። ስሙኒው መዳብ ነው፤ ክብ ነው፣ መጠኑም ከ50ው ጋር ተቀራራቢ። ተንኮለኛ ምን አደረገ፣ ስሙኒውን ብር ቀብቶ በ50 አሳለፈው። ከዚያ በኋላ ስሙኒው ዳሩ እንደ አበባ ተደርጎ ተሠራ። የሳንቲም ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ይሄን ነው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት እላለሁ እኔ። ሌባው ምን ያደርጋል ብሎ። ጣሊያኖች ይሄንን አልሳቱም፣ የኔ 2/10 ከሌሎቹ ጋር በፍጹም አትምታታም። የሳቱት ትልቁን ነው።

ወደ ቤቱ ልመለስ፣ ለዚሁ ነበር የጀመርኩት።

ሥራው። ሁለቱን የተሰነጠቁ እንክብሎች አቅልጦ እንደገና ሠራ፤ ከሌሎቹ አይለዩም። የጠገራውን ጆሮ ሲበይድ ፊት ለፊቴ ነው። ብሩን ከሌላ ቦታ አላመጣም፣ ከራሴ ስብርባሪ ነው የተጠቀመው። የቀረውን ፍርፋሪ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ይሄን የሚያደርግ ሰው ደሴ ላይ አላየሁም። ክሩን በጥቁር ሐር ቀየረው። ጨሌዎቹን የልጅ ልጁ በሳሙና አጥቦ በቅደም ተከተላቸው መለሳቸው፣ ስልኩ ላይ ፎቶ አንስቶ ስለነበር።

ዋጋው። ለእጅ ሥራ 2,400 ብር ጠየቀኝ። ተከራክሬ 2,200 ሆነ። ብሩ የራሴ ስለሆነ ሌላ ወጪ የለም። ርካሽ አይደለም፣ ግን ተገቢ ነው። የመንገዱን ስትጨምሩበት ግን አስቡበት፤ እኔ ሦስት ጊዜ ነው የተመላለስኩት።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ ይደርሳል አለኝ። አልደረሰም። ሐዘን ነበረበት፣ እሺ። በሦስተኛው ሰኞ ደረሰ። ስልክ ደውዬ ላጣራ ብል አያነሣም፣ የልጅ ልጁ ነው የሚያነሣው፣ እሱም ትምህርት ቤት ይሆናል። ደረሰኝ የለም። ድሪውን ትቼ ስሄድ የያዝኩት ወረቀት የለኝም። እኔ 31 ዓመት ያለ ፊርማ አምስት ሳንቲም ያላወጣሁ ሰው፣ ሦስት የአያቴን ትዝታ ያለ ወረቀት ትቼ መጣሁ። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ "ባቲ እኮ በቃል ነው የሚሠራው" አለኝ። እሱስ ልክ ነው፤ ሌላ ሰው ግን ልክ ላይሆንለት ይችላል። ቢያንስ ድሪውን ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ጠገራውንም በግራም አስመዝኑ። እኔ አስመዝኜ ነበር። ሲመልስልኝ አንድም ግራም አልጎደለም።

ሌላው ጉድለት ሊሬዋ ላይ ነው። የድሮው ቀዳዳ ተሰንጥቆ ነበር፣ አዲስ ጆሮ በላይዋ በየደባት። ብየዳው በደንብ አልተሞረደም፤ ኡምቤርቶ ዘውድ ላይ እብጠት የመሰለ ነገር ወጣ። ለእኔ ምንም አይደለም፣ ለሱ ሊከፋው ይችላል። ግን ልብስ ይጎትታል። ሐር ቀሚስ ለምትለብስ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገርኩት፣ ሞረደልኝ፣ አሁንም ጥቂት ይቀራል።

በታለሮ ከተቆጠረ 8/10 እሰጠዋለሁ። የቀረችው አንድ ሊሬ ናት። ደረሰኝ መጻፍ ሲጀምር እጨምርለታለሁ።

የምትሄዱ ካላችሁ ሰኞ ጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አይቻልም፣ እሱም ሶላት ይሄዳል። ከገበያው ከግመል ተራ ወደ ላይ ስትወጡ ወናፍ ስትሰሙ ግቡ። አምባር የተንጠለጠለበት በር ነው። አዲስ ጌጥ ልግዛ ካላችሁ ብዙ ምርጫ የለውም፤ ለጥገና ነው ጎበዝ። ለልጆቹ ቀጫጭን ቀለበት አለው፣ እነሱን አላየኋቸውም።

ድሪውን ስረከብ ጋሼ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሊሬዋን ስሰቅላት የትኛው ፊት ወደ ውጭ ይሁን አለኝ፤ ንጉሡ ወይስ ጽሑፉ? እስካሁን ንጉሡ ነበር፣ አያቴ አንብባ አታውቅም። "ጽሑፉ ይሁን" አልኩት። ልጄን ጠየቅኳት፣ ለሷም እንደዚያ ነው። ትናንት ቀሚሷን ለብሳ ስትሞክረው ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። ጆሮዋ ላላ ስላለች ስትራመድ ትገለባበጣለች። አንዴ ፊደሉ፣ አንዴ ዘውዱ። ጠበቅ እንዲያደርጋት ሌላ ሰኞ ባቲ መውረዴ ነው።